የዓይናፋር ዘጠኝ ቀን

ውርጭ አምባ ላይ ውርጭ ከጣለ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። ስሙ ግን እንደ ሟች አባት ስም ዝም ብሎ ይጠራል፤ ልለውጠው ብሎ የተነሣ የለም። በሁለት ሺህ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሲገባ፣ አምባው አናት ላይ የምትኖረው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ጥሩአየር ትባላለች፤ ዕድሜዋ አምሳ ስምንት ነው፤ ሥራዋም አንዲት አበባ መጠበቅ ነው።

አበባ መጠበቅ ደግሞ ሥራ ነው ወይ የሚል ካለ ውሎዋን ይስማ። ጧት ከጎጆዋ ከመውጣቷ በፊት የጫማዋን ሶል ታጥባለች፤ የቆላ አረም ዘር ተጣብቆ እንዳይከተላት ነው። ከጎጆዋ እስከ አናቱ ሁለት መቶ አርባ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየተራመደች እንጂ የጓሳውን ሣር ረግጣ አትሄድም። እሳት አታነድም። ጸጉሯን ስታበጥር የረገፈውን ለቅማ ከረጢት ውስጥ ታስራለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ሰው ሠራሽ ንቦች በሳጥን ሆነው ከታች ይላካሉ፤ ጓሳውን ዞረው ዞረው የሚቀስሙት አበባ ሲያጡ ተመልሰው ሳጥናቸው ውስጥ ይገባሉ። ከጧቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው መሣሪያ ይናገራል። ጠባቂዎች ሁሉ «ጠያቂው» ነው የሚሉት።

«ዓይናፋር እንዴት አደረች?»

«ደህና፣ ተመስገን» ትላለች ጥሩአየር።

ጠያቂው ድርግም ይላል፤ ለዚያ ቀን በቃ።

ዓይናፋር የአበባዋ ስም ነው። የደጋ ቫዮሌት ናት፤ ቀለሟ ወይን ጠጅ፣ ቁመቷ ከጣት የማይበልጥ፣ ስታብብ አንገቷን የምትደፋ። ድሮ ዝቅ ብሎ ካለው የአስታ ደን ውስጥ እንደ ልብ ነበረች ይባላል። ሙቀቱ ሲከተላት ወደ ጓሳው ወጣች። ጓሳው ሲሞቅ ጅብራ ወደሚበቅልበት ከፍታ ወጣች። ከኋላዋ ገብሱ፣ ከገብሱም ኋላ ማሽላው ተከተላት። እንዲህ እንዲህ እያለች አናቱ ላይ ደረሰች፤ ከአናቱ በላይ ደግሞ መውጫ የለም። ጥሩአየር ጥበቃውን ስትረከብ አርባ ነበሩ። አሁን የቀረችው አንዲት ናት፣ በሁለት ድንጋይ መካከል፣ እሷም ካበበች ሦስት ዓመት አለፋት።

ጥቅምት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ ሁለት ሰዎች ወደ አምባው ወጡ። አንዷ ኤልዳና የምትባል አረጋጋጭ ናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ በሳምንት አምስት ተራራ ወጥታ የሚጠበቀው ነገር «አለ» ወይም «የለም» ብላ ጽፋ ትወርዳለች። ሌላው የወረፋ ሰዎች ወኪል ነው። የወረፋ ሰዎች የሚባሉት ቆላው ያቃጠላቸው፣ ተራራ እስኪለቀቅላቸው መጠለያ ውስጥ የሚጠብቁት ናቸው፤ ያለ እነሱ ወኪል ማረጋገጥ አይቻልም። ጥሩአየር ወኪሉን ባየችው ጊዜ ልቧ ድንግጥ አለ። የገዛ ወንድሟ አበጀ ነው። እናታቸው ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

«እንደምን አለሽ እታበባ» አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራት እንዲህ ነው።

«እግዜር ይመስገን። ልጆቹስ?»

«አሉ።»

«ምንታምርስ?» ምንታምር የመጨረሻዋ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው።

አበጀ ዓይኑን ሰበረ። «እሷ ሙቀቱ ገብቶባታል» አለ። «በብርድ ቤት ተራ የሚደርሳት በቀን አራት ሰዓት ብቻ ነው። የቀረውን እናቷ እርጥብ ጨርቅ እያለበሰቻት ትውላለች። ሐኪሙ ደጋ ካገኘች ትድናለች ይላል። እኔም እኮ ለዚሁ ነው የመጣሁት፤ አልዋሽሽም።»

ኤልዳና የያዘችውን ሰሌዳ ገለጠች። ቸኩላለች፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ተራራ ይጠብቃታል።

«እትዬ ጥሩአየር፣ ጠያቂው ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቆዎታል። ሺህ ዘጠና አምስት ጊዜ ደህና ናት ብለዋል። የጠያቂው ካሜራ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም አበባ አላየም።»

«ደህና አይደለችማ» አለች ጥሩአየር። «ከታመመች ቆየች።»

«ታዲያ ለምን ደህና አሉ?»

«እንዴት አደረች ነዋ የሚለኝ።»

ኤልዳና ግራ ገብቷት አየቻት።

«ልጄ፣ እንዴት አደርሽ ሲሉሽ ምን ብለሽ ትመልሻለሽ?»

«ደህና ነዋ።»

«ጥርስሽን ሲያምሽ ያደረ እንደሆነስ?»

ኤልዳና ጉንጯን ዳሰስ አደረገች። «ደህና፣ ተመስገን» አለች ቀስ ብላ።

«አየሽ። ከዚያ ነው እንግዲህ ፊትሽን አይቶ ምን ሆነሻል የሚልሽ። እሱ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ ደህና ስለው ይዘጋል።»

ነገሩ ያስቅ ነበር፤ የሳቀ ግን የለም። ኤልዳና ሰሌዳዋን ስታገላብጥ ቆይታ የማትወደውን ወሬ ነገረቻት። «ታማለች» ወደ ተባለበት ተራራ የጥላ መረብና የማጠጫ ውሃ በሳምንቱ ይላካል። የውርጭ አምባ ድርሻ ለሦስት ዓመት ወደ ሌላ ተራራ ሲሄድ ኖሯል፤ እዚህ ሁሉም ደህና ነውና።

ጥሩአየር ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ታማለች ብትዪ ውሃ ይመጣል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረም፤ ግን ይህን መናገሩ ምን ይፈይዳል? ሠላሳ ዘጠኙ ዓይኗ እያየ ነው አንድ በአንድ የደረቁት። በየማለዳው ደግሞ በጨዋ ደንብ፣ ተመስገን እያለች፣ እሷው ነበረች የምትቀብራቸው።

«እስከ ስድስት ሰዓት አበባ ካላሳዩኝ የለም ብዬ እጽፋለሁ» አለች ኤልዳና። «አምባው ይለቀቃል። ማረሻዎቹ ነገ ጧት ይወጣሉ።»

«ኑ» አለች ጥሩአየር፣ ተነሥታ።

ከሁለቱ ድንጋዮች መካከል ተንበረከከችና በትንሿ ጣቷ አንዱን ቅጠል ቀና አደረገችው። ከሥሩ፣ አፈር ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ የገብስ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር ተንጠልጥላለች።

«ይችን አያችኋት? አልፈካችም፣ አትፈካምም። ክፉ ዘመን ሲመጣ ዓመሏ እንዲህ ነው። ንብ ሳትፈልግ፣ ለማንም ሳትገለጥ፣ እዚያው እንደ ተዘጋች ታረግዛለች። ነፍሰ ጡር ናት።»

ኤልዳና ሰሌዳዋን አስጠጋች። «ያልታወቀ እብጠት ነው የሚለው» አለች። «ከፍቼ ካላየሁት ዘር ነው ብዬ መጻፍ አልችልም።»

«ከከፈትሽው ጥሬ ነው፤ በዚያው ይቀራል። የሚደርሰው አንገቷን ቀና ያደረገች ለት ነው። ዘጠኝ ቀን ቢፈጅባት ነው።»

«እኔ ዘጠኝ ደቂቃም የመስጠት ሥልጣን የለኝም እትዬ። ቀጠሮ የመስጠት መብት የወኪሉ ነው።»

ሁለቱም ወደ አበጀ ዞሩ። አበጀ ወደ ኋላው አንድ እርምጃ ሸሸ።

«እታበባ፣ እንዲህ አታድርጊኝ» አለ። «ታች ሁለት መቶ አሥር አባወራ ዕቃውን ጠቅልሎ መንገድ መንገድ እያየ ነው። ነገ እንወጣለን ብዬ ነው የተለየኋቸው። ተመልሼ ምን ልበላቸው? እህቴ አበባዬ ነፍሰ ጡር ናት ብላኛለች ልበል?»

«በል። እውነት ነው።»

«እውነት መሆኑማ መቼ ጠፋኝ!»

«ዘሩን ብቻ ነው የምፈልገው አበጀ። ከደረሰ በብልቃጥ ይዤ ወደ ሰሜኑ ትልቅ ተራራ እወስደዋለሁ፤ እዚያ ገና ብርድ አለ። ከዚያ የለችም ብዬ በአፌ እናገራለሁ፤ አምባውን በሰላም ትረከባላችሁ። ይሄ ጓሳ ሲታረስ ማየት ለእኔ ሞት ነው፤ ቢሆንም እሺ፣ ይታረስ፣ ሰው ይትረፍበት። እኔ የምለው ዘጠኝ ቀን ነው። በጨዋነቴ ገደልኋቸው፤ የቀረችውን ደግሞ በጥድፊያ አታስገድለኝ።»

«ምንታምርስ?»

ጥሩአየር ወደ ጎጆዋ ጠቆመች። «ወደዚህ አምጣትና እኔ ጎጆ ትረፍ» አለች። «እኔ ውጭ አድራለሁ።»

«አይሆንም» አለች ኤልዳና፤ ይህን ስትል ወደ መሬት እያየች ነበር። «ሁለተኛ ሰው ካደረ ጠያቂው ትንፋሹን ቆጥሮ 'ሰፈራ ተጀምሯል' ይላል፤ ቀጠሮው ይፈርሳል። እርስዎም ይጠንቀቁ። አንዲት ማለዳ መልስ ካልሰጡት 'ጠባቂ የለም' ብሎ አምባውን በዚያው ሰዓት ይለቀዋል።»

ፀሐይዋ ወደ አናት እየተጠጋች ነው። አበጀ ሄዶ ቅጠሏ አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ ያችን የገብስ ፍሬ የምታህል ነገር ረዘም ላለ ጊዜ አያት። ከዚያ ተነሥቶ አውራ ጣቱን ኤልዳና ሰሌዳ ላይ አሳረፈ።

«ዘጠኝ ቀን» አለ። «አሥረኛ የለም።»

ሲወርድ ዞር ብሎ አላያትም።

በማግስቱ ጠያቂው እንደ ወትሮው ዓይናፋር እንዴት አደረች ሲል ጥሩአየር «ታማለች፤ ጥላና ውሃ ላኩ» አለችው። ጠያቂው «ጥያቄዎ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ይታያል» ብሎ ድርግም አለ። እሷም የራሷን ጥላ ዘርግታ፣ ከረፋድ እስከ ማምሻ፣ ከሁለቱ ድንጋዮች በላይ ቆመች። እጇ ሲዝል ወደ ሌላው እጇ ታዛውረዋለች። ለራሷ የሚደርሳትን የመጠጥ ውሃ ግማሹን ጠብ ጠብ እያደረገች አፈሩ ላይ አፈሰሰች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጠለያው ውስጥ ወዳለው ስልክ ደወለች።

«ልጅቷ እንዴት ዋለች?»

«ደህና ናት፣ ተመስገን» አለ አበጀ።

እፎይ አለች። መቼም ይህን ነገር ለኤልዳና ያስረዳችው እሷው ራሷ ናት፤ ገና አንድ ቀን አልፎታል። ግን ሰው ሲጨንቀው የሚሻውን ነው የሚሰማው። ምን ሆናለች ብላ ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ሐሙስ ከቆላ ትኩስ ነፋስ ወጣና ከቅጠሎቹ ሁለቱን አጠወለጋቸው። ጥሩአየር ነፋሱን በጀርባዋ ልትመክት ቀኑን ሙሉ ተንበርክካ ዋለች። ማታውን ደወለች፤ «ደህና ናት» አላት። ዓርብ ደወለች፤ ስልኩን ያነሣ ሰው የለም። ወረፋ በዝቶ ይሆናል ብላ ራሷን አረጋጋች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሱ ራሱ ደወለ። ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ምንድን ነው ጫጫታው?»

«ሰው በዝቶ ነው። ዘሩ እንዴት ነው?»

«አለ። ገና አንገቷን አላነሣችም። ምንታምርስ?»

«ተኝታለች።»

«ሙቀቱ ቀለል አላት?»

«አዎ» አለ። «አሁን አይሞቃትም።»

«ተመስገን።»

«ተመስገን» አለ እሱም። ስልኩንም ዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የሚጠይቀው እሱ ሆነ። እሑድም ሰኞም ገና ሃሎ ሳትል «ዘሩስ?» ይላል። እሷም ደስ ይላታል፤ ወንድሜ ገባው እያለች ነው። ስለ ልጅቷ ስትጠይቀው «አታስቢ፣ አንቺ ሥራሽን ጨርሺ» ይላታል።

ማክሰኞ ጉንዳኖች መጡ። ዘሩ ሲቃረብ ሽታው ይጠራቸዋል። ድሮ የደጋው ጉንዳን ዘሩን ተሸክሞ ወደ ጉድጓዱ ይወስደውና ከላዩ ያለውን ቅባት ልሶ ይተወዋል፤ ዘሩም እዚያው ይበቅላል። እነዚህ ከቆላ የወጡት ቀያዮች ግን ምንም አያስተርፉም። ጥሩአየር ሆዷ ላይ ተኝታ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ጣቶቿ አበጡ። ውሃ ለመጠጣት እንኳ ብትነሣ ይቀድሟታል ብላ ስለ ፈራች፣ ፀሐይ ጠልቃ እነሱም ተመልሰው እስኪሄዱ ድረስ ካለችበት አልተነቃነቀችም። ረቡዕ ፍሬዋ ከአፈሩ በጥቂቱ ቀና አለች። የነጠላዋን ጫፍ ቀዳ ትንሽ ከረጢት ሰፋችና አለበሰቻት፤ ስትፈነዳ ዘሩ እንዳይበተን ነው።

ሐሙስ፣ በዘጠነኛው ቀን፣ ገና ጠያቂው ሳይናገር አናቱ ላይ ደረሰች። ፍሬዋ አንገቷን ሙሉ በሙሉ ቀና አድርጋለች። ጥሩአየር ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። ፀሐይ ነካ ስታደርጋት ፍሬዋ ሦስት ቦታ ተከፈለች፤ ጨርቁ ውስጥ ጠጠር እንደ መታው ያለ ድምፅ ተሰማ። ፈትታ መዳፏ ላይ አራገፈችው። አሥራ ሰባት ናቸው፤ ቡናማ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ከጤፍ ፈርጠም ያሉ። አልቅሺ አልቅሺ አላት፤ ደስታ ነው። ወደ ብልቃጡ ጨመረችና በደረቷ ያዘችው።

ያን ጊዜ ነው ሰዎቹን ያየቻቸው። ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ድንጋዮቹን ትተው በጓሳው ላይ ይመጣሉ። ሣሩን እንዳትረግጡ ልትል ነበር፤ ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ልብሳቸው የአዘቦት ነው፤ ያለቀሰም የለም። ግን ገና ሁለት ሰዓት አልሆነም። አምስት ሰው በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ፣ እንዲህ ሳያወራ፣ ሰው ቤት የሚሄደው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

ከፊት ያሉት ጋሽ ይመኑ ናቸው፤ የአባቷ ወዳጅ፣ አሁን የመጠለያው ሽማግሌ። አጠገቧ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እህል ቀምሰሻል ልጄ?» አሏት።

«ማን ነው?» አለች ጥሩአየር።

«መጀመሪያ ቅመሽ።» አንዷ ሴት ከመቀነቷ ዳቦ ፈትታ ቆረሰችላት። እህል ያልቀመሰ ሰው መርዶ አይነገረውም። ጥሩአየር ቁራሹን አፏ ውስጥ አስገብታ ዋጠችው።

«ምንታምር ናት?»

«አዎ» አሉ ጋሽ ይመኑ። «ዓርብ ዐረፈች። ቅዳሜ ቀበርናት።»

«ቅዳሜማ አነጋግሮኛል» አለች፤ ሽማግሌው የተሳሳቱ መስሏት። «ቅዳሜ ደውሎልኛል እኮ ጋሼ።»

«ከቀብር መልስ ነው፤ ሁላችንም አጠገቡ ነበርን። እኛማ ቅዳሜ በማለዳ ልናረዳሽ ልንነሣ ነበር። እሱ ነው ያገደን። ከሰማች ትወርዳለች፤ ከወረደች አምባው በዚያው ይለቀቃል፤ እኔ ዘጠኝ ቀን ብዬ ጣቴን አሳርፌያለሁ፣ ዘሩ ሳይደርስ አንድ ሰው ትንፍሽ እንዳይል ብሎ ሁለት መቶ አሥሩንም አባወራ አስማለን።»

ጥሩአየር ብልቃጡን ይበልጥ ጨበጠችው። «የት ነው ያለው?»

«ታች፣ መንገዱ መግቢያ ላይ ቁጭ ብሏል። እንዲያውም መርዶውን ከመናገራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁልኝ ብሎን ነበር፤ እኛ ፊትሽን ስናይ አቃተን።»

«ምን ጠይቁልኝ አለ?»

ጋሽ ይመኑ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው አዞሩ። «ዘሩ ደረሰ ወይ በሏት ነው ያለው» አሉ። «ምን እንበለው?»

«ደርሷል በሉት» አለች ጥሩአየር። ለቅሶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።